ቲቸር ተመረቀ



«ቲቸር፣ የት ጠፉ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ፦ ጠመኔውን ካስቀመጥኩ በኋላ የውኃ ኃይል ማመንጫ ኦፕሬተርነት ስልጠና ላይ ነበርኩ። ዝም ያልኩት ብወድቅስ ብዬ ነው። ደግሞም ወድቄ ነበር።

«ጣና በለስ በ4 ተርባይን 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፤ የመብራታችን ፍሪኩዌንሲ 50 ኸርዝ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላችሁ! ያቺ 50 ምን ያህል እንደምትከብድ የገባኝ ግን አሁን ነው። ጀነሬተሩን ከዋናው መስመር ጋር ስታገናኝ ቮልቴጁም፣ ፍሪኩዌንሲውም፣ ፌዙም መግጠም አለበት። ሲንክሮስኮፕ የሚባል ሰዓት የሚመስል መሣሪያ አለ። መርፌው ቀስ ብሎ እየዞረ ቀጥ ወደ ላይ ሊደርስ ሲል ብሬከሩን ታስገባለህ። ከቀደምክ ወይም ከዘገየህ ያ ግዙፍ ማሽን በአንድ ጊዜ ይናጋል፤ ዘንጉ ሊጎዳ ይችላል።

በመጀመሪያው ፈተና እጄ ቀደመ። ደግነቱ ሲሙሌተር ላይ ነው። አሠልጣኜ የድሮ ተማሪዬ ነው። ሰው እስኪወጣ ጠበቀና «ቲቸር፣ አይቸኩሉ። ‹ጥያቄውን ሁለቴ አንብቡ› ይሉን አልነበር?» አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ማታ ማታ አብሮኝ ተቀመጠ።

ትናንት እሱ ከጀርባዬ ቆሞ በእውነተኛው ማሽን ላይ አስገባሁት። ምንም የተናጋ ነገር የለም። ጥሩ ሥራ ማለት እንዲህ ነው ለካ፤ ማንም ሳያውቅልህ መብራቱ ይበራል።

ልጆች፣ በደንብ ሳይገባኝ ላስተማርኳችሁ ይቅርታ። አሠልጣኜ ሆይ፣ አንተ ደግሞ እደግ፣ ተመንደግ!