ስለ ዘይት ማጣሪያና ስለ እኛ

ይህች መጽሔታችን ስለ አገር ዕድገትና ስለ ተማሪው ኀላፊነት ብዙ አስነብባናለች፤ እኛም ከጸሐፊዎቹ መካከል ነበርን። ዛሬ ግን የምንጽፈው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ስለምታህል አንዲት የዘይት ማጣሪያ ነው። መካኒኮቻችን ፊልትሮ ይሏታል። በርስዋ ምክንያት ያንዲት ሴት እንጀራ የሆነ ሞተር አበላሽተናልና፥ አንባቢ ሆይ፥ ጥቂት ታገሠን።

በ2009 ዓ.ም. ክረምት የሦስተኛውን ዓመት የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ጨርሰን፥ አራት ሆነን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ ወደምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄድን። ከመካከላችን ያንዱ አክስት እዚያ ወፍጮ ቤት አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። እትዬ (እኛ ሁላችንም እንዲህ ነው የምንጠራቸው) «የተማሩ ልጆች መጡልኝ» ብለው ሞተሩን በአደራ ሰጡን።

ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ ከአራተኛ ክፍል የወጡ ሰው ናቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሞተሩን የያዙት እንደ በሬ ነው፤ ጧት ጧት ይዳብሱታል፥ ድምፁን ያዳምጣሉ። የሠራበትን ሰዓት በግድግዳው ላይ በከሰል እያሰመሩ፥ 250 ሲሞላ ዘይቱንም ማጣሪያውንም ይቀይራሉ። መመሪያው የሚለውም ይህንኑ ነበር። መመሪያውን ግን ከእኛ መካከል ያነበበ አልነበረም።

እኛ ያደረግነው ሒሳብ መሥራት ነው። ማጣሪያው ያን ጊዜ 250 ብር ያወጣ ነበር፤ የሚመጣውም 300 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአዲስ አበባ፥ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሳምንት ይቈያል። ስለዚህ ዘይቱ በየ250 ሰዓቱ ይቀየር፥ ማጣሪያው ግን በአራት የዘይት ቅያሬ አንድ ጊዜ ይበቃል አልን። ጋሼ ይህን ሲሰሙ፥ «እናንት ልጆች፥ ሰው ገላውን ታጥቦ ያደፈ ልብሱን መልሶ ይለብሳል?» ብለው ጠየቁን። ሣቅን። ከዚያም የዘይቱን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ እያመለከትን፥ ይህ እስካልወረደ ድረስ ማጣሪያው ጤነኛ ነው ብለን አስረዳናቸው። ውሳኔያችንን በትልልቅ ፊደል ጽፈን፥ አራታችንም ፈርመን በግድግዳው ላይ ለጠፍነው። እትዬ ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን ወረቀቱን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር።

ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን በአውግስቡርግ ከተማ በ1897 እ.ኤ.አ. ፈትኖ እንዳስመሰከረ የፈተና ጥያቄ ስለ ነበረ በቃላችን እናውቃለን። ያላወቅነው ከጋሼ ጥያቄ በስተኋላ ያለውን ነገር ነው። የናፍጣ ሞተር ሲነድ ጥላሸት ያወጣል፤ ከጥላሸቱም ጥቂቱ በፒስተኑ ፋሻዎች ጥግ እያመለጠ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። አዲስ ዘይት ቶሎ የሚጠቁረው በዚህ ነውና፥ ጥቁረቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። በዘይቱ ውስጥ ያለው ቅመም ጥላሸቱን በትኖ ይይዘዋል። ቅመሙ ሲደክም ግን ጥላሸቱ እየተያያዘ የማጣሪያውን ወረቀት ይደፍነዋል። ብረቱ ሲፋተግ የሚወጣው ደቃቅ ብናኝና ከውጭ የሚገባው አቧራም አለ። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጕር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። ክራንክ ሻፍቱን ከብሮንዚናው የሚለየው የዘይት ንጣፍ ግን ከዚያ እጅግ የቀጠነ ስለ ሆነ፥ ዐይን የማያያት ቅንጣት ሁለቱን ብረቶች ትሞርዳለች።

ደግሞ ያ የተመካንበት ጌጅ! ማጣሪያው በተደፈነ ጊዜ ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ተብሎ የተሠራ ማለፊያ ቫልቭ አለ። እርሱ ሲከፈት ዘይቱ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ብሮንዚናዎቹ ይሄዳል። ጌጁም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ በቦታው ይቆማል። እኛ የጤና ምልክት ያልነው ይህን ነበር።

በጥር 2011 ዓ.ም. ስልክ ተደወለልን። ሞተሩ ከሥር «ቋ ቋ» የሚል ድምፅ አውጥቶ፥ ጋሼ ወዲያው አጥፍተውታል። እንዲያ ባያደርጉ ኖሮ የሞተሩ አካል ራሱ በተሰነጠቀ ነበር። ለዕረፍት ስንለቀቅ ደርሰን ከመካኒኩ ጋር ፈታነው። የብሮንዚናው ግራጫ ልባስ ተልጦ መዳቡ ወጥቷል። በክራንክ ሻፍቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ነበረበት። ማጣሪያውን በብረት መጋዝ ቀደድነው፤ ወረቀቱ እጥፋቱ እስኪጠፋ ድረስ እንደ ሬንጅ በሆነ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። ጥፋቱ ሁሉ ከዚያ መጣ አንልም፥ የወፍጮ ቤት ብናኝ በአየር ማጣሪያውም በኩል የራሱን ድርሻ ሳያደርስ አይቀርም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያው ብናኝ ውስጥ ሠርቶ ነበር።

ክራንክ ሻፍቱ አዲስ አበባ ተወስዶ ሩብ ሚሊሜትር ተላገ፤ በልኩ የወፈረ ብሮንዚና፥ አዲስ ፋሻና አዲስ ካሚቻ ተገዛለት። ወጪው 38,000 ብር ሆነ። እትዬ ሁለት በሬዎች ሸጡ። ሰባት ሳምንት ሙሉ የዚያች ከተማ ሴቶች እህላቸውን በጀርባቸው አዝለው፥ የሁለት ሰዓት መንገድ እየሄዱ ሌላ ወፍጮ አስፈጩ። እኛ በመንገድ ስናገኛቸው «ደኅና ናችሁ ወይ ልጆቼ» ይሉናል፤ አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን።

ከሁሉ የባሰው የእትዬ ነገር ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ «ናፍጣው ውሃ ገብቶበት ነው እንጂ፥ ልጆቼማ ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር» ይላሉ። ጋሼ ይሰማሉ፥ አይናገሩም። በሦስተኛው ማታ አራታችንም ቡና ላይ ተቀምጠን እንዳለ ነገርናቸው። እትዬ ስኒያቸውን አስቀምጠው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ፤ ቀጥሎም ወደ ጋሼ ዞረው፥ «አንተስ ታውቅ ነበር?» አሉ። ጋሼም «የተማሩት ፈርመውበት፥ ምን ልበል» አሉ።

በማግሥቱ ጧት ወረቀቱን ልናወርድ ስንሄድ ጋሼ ቀድመው አውርደውት አገኘን። አዲሱን ጻፉ ብለው ራሳቸው አናገሩን፤ ዘይቱም ማጣሪያውም በየ250 ሰዓቱ፥ ሁለት መለዋወጫ ማጣሪያ ምን ጊዜም በሣጥን ይኑር። ጽፈን እንደ ጨረስን ከመካከላችን አንዱ እንደ ልማዱ ለመፈረም ብዕሩን ሲያነሣ፥ ጋሼ ወረቀቱን ቀስ ብለው ከእጁ ወሰዱት።

«ፊርማው ይቅር» አሉ።