ሳይወድ በግዱ ሐኪም

ሞሊየር የተባለው የፈረንሳይ የቴአትር ደራሲ ይህን ስም የያዘውን ኮሜዲ በፓሪስ መድረክ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1666 ዓ.ም. ነው። ከ192 ዓመት በኋላም ሻርል ጉኖ ኦፔራ አደረገው። እኔ የሰማሁት በስልኬ ሲሆን፣ ማታ ከሥራ ስመለስ የቴአትሩን መጽሐፍና መዝገበ ቃላቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሙዚቃውን እከታተል ነበር።

ስጋናሬል እንጨት ቈራጭ ነው፤ ሚስቱን ይደበድባል። እርሷም ብድሯን ለመመለስ፣ ሐኪም ፍለጋ ለሚንከራተቱ ሁለት አሽከሮች ባሏ ካልተደበደበ ጥበቡን የማያምን ታላቅ ሐኪም መሆኑን ትነግራቸዋለች። እነርሱም በዱላ ሐኪም ያደርጉትና ወደ ጌታቸው ወደ ዤሮንት ቤት ይወስዱታል። የዤሮንት ልጅ ሉሲንድ አንደበቷ ተዘግቷል ይባላል፤ ነገር ግን አባቷ ከምትወደው ሰው ለይቶ ለባለጸጋ ሊድራት ስላሰበ፣ ዝም ያለችው ሆን ብላ ነው።

የኦፔራውን ግጥም ያዘጋጁት ዡል ባርቢዬና ሚሼል ካሬ አብዛኛውን የሞሊየርን ንግግር እንዳለ ትተውታል፤ ሙዚቃው በየመካከሉ ይገባል። ኮሜዲ ፍራንሴዝ የሚባለው የሞሊየር ቤት ግን የደራሲው ቃል በዜማ እንዳይነካ ተቃውሞ ነበር፤ ነገሩ የተቃናው በልዕልት ማቲልድ አማላጅነት ነው። በመጨረሻም ጃንዋሪ 15 ቀን 1858 ዓ.ም.፣ ሞሊየር ክርስትና በተነሣበት ዕለት፣ በቴአትር ሊሪክ ታየ። አባቱ በሕፃንነቱ የሞተበትን ጉኖን ፒያኖ እያስተማረች ያሳደገችው እናቱ በማግሥቱ ዐረፈች። በ1924 ዓ.ም. ዲያጊሌቭ ሥራውን በሞንቴ ካርሎ ሲያቀርብ ኤሪክ ሳቲ ንግግሩን ሁሉ በዜማ ተክቶት ነበር፤ እኔ ግን ንግግሩ ንግግር ሆኖ ቢቀር እመርጣለሁ። የስጋናሬል ላቲን በዜማ ከተሸፈነ ባዶነቱ እንዴት ይታያል?

ያ ላቲን ነው ሳቄን ያቋረጠብኝ። ስጋናሬል የሐኪም ካባ ለብሶ፣ ሹል ባርኔጣ ደፍቶ ይመጣና ዤሮንትን ላቲን ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። አለማወቁን ሲረዳ የሰዋስው ትምህርት ፍርፋሪ ያዘንብበታል፤ ሽማግሌውም ሳይማር በመቅረቱ ይቈጫል። ልብ በስተቀኝ፣ ጉበት በስተግራ ነው ሲባል እንኳ ዤሮንት በትሕትና ጥቂት ይጠይቅና የድሮው ሥርዓት ተለውጧል የሚል መልስ ይበቃዋል፤ አለማወቁንም ይቅር እንዲሉት ይለምናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና ባልለመድሁት የጡረታ ጉዳይ ላይ በተመደብሁበት ጊዜ፣ አንዲት እናት ከገጠር መጡ። ተራ አስከባሪው «እሳቸው ያውቃሉ» ብሎ ወደ እኔ መራቸው። እኔን ማንም በዱላ አልነካኝም። የሟች ባላቸው ፋይል ለምን እንደ ቆመ አላውቅም ነበር፤ ነገር ግን ፊት ለፊቴ ቆመው ሲጠብቁ አፌ የታዘዘው ለሌላ ነገር ነው፦ «ጉዳይዎ አግባብ ባለው አካል በመጣራት ሂደት ላይ ስለሚገኝ፣ ውሳኔው እንደ ተሰጠ በደብዳቤ ይገለጽልዎታል» አልኋቸው። መርቀውኝ፣ ዝቅ ብለው እጅ ነሥተውኝ ወጡ።

ሦስት ወር ከዘመድ ቤት ተጠግተው ደብዳቤ ጠበቁ። ለካ የጎደለው የቀበሌ አንድ ማስረጃ ኖሯል፤ ይህንንም ከአጠገቤ የሚሠራ ባልደረባዬ ያውቀው ነበር።

ተመልሰው በመጡ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ «እማማ፣ ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር» አልኋቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ጥቂት ተመለከቱኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ አላውቅም ቢሉኝ ኖሮ ሌላ ሰው እጠይቅ ነበር» አሉኝ።