የመጨረሻውን ክፍል ያላየው ልጅ

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ስህተት ነው። ታሪኩ የሚነካው ወጣትም ለሌሎች ይጠቅማል ብሎ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት እዚህ ቆቃ መብራት ጠፍቶ ነበር። ከጸሎት በኋላ ወጣቶቹ ዝናቡ እስኪያባራ በአዳራሹ በረንዳ ተቀምጠው ይጫወታሉ። ከመዘምራኑ አንዱ ግን ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጠጋ ብዬ «ምን እያነበብክ ነው?» አልኩት። ደንገጥ ብሎ አሳየኝ። «ሱፐርናቹራል» የሚል የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበር። ገጹ ላይ ስለ አጋንንት የሚናገር መስመር ሳይ ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። «አንተ ዘማሪ አይደለህም? አሁኑኑ አጥፋው!» አልኩት፣ ጓደኞቹ እየሰሙ።

«እሺ ፓስተር» አለኝ። በሚቀጥለው እሁድ ከመዘምራኑ ጋር አልቆመም። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም አልመጣም።

ምሳሌ 18፥13 ሳይሰማ የሚመልስ ሰው ስንፍናና እፍረት እንደሚሆንበት ይናገራል። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ! በአራተኛው ሳምንት ልጁ አክስቱን እያገዘ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደሚሸጥበት መንገድ ዳር ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ያን ዕለት ልጠይቅህ ሲገባኝ ገሠጽኩህ፤ ይቅር በለኝ። እስቲ ስለ መጽሐፉ ንገረኝ» አልኩት። ቀስ እያለ ነገረኝ። በኋላም አንዱን መጽሐፍ ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት።

በእኛ ልጅነት ታሪክ ከመጽሐፍ ተነስቶ ወደ ሬዲዮ ነበር የሚሄደው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሰው ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። የእነዚህ መጻሕፍት መንገድ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ከፊልም ወደ መጽሐፍ። «ሱፐርናቹራል» በአሜሪካ ቴሌቪዥን በፈረንጆች ከ2005 እስከ 2020 በ15 ሲዝን 327 ክፍሎች የታየ ተከታታይ ፊልም ነው። ዲንና ሳም የሚባሉ ወንድማማቾች እናታቸው በጋኔን ከተገደለች በኋላ በአንድ ጥቁር መኪና ከከተማ ከተማ እየዞሩ ክፉ መናፍስትን ያድናሉ። በ2007 ኪት ዲካንዲዶ የተባለ ደራሲ «ኔቨርሞር» የሚለውን የመጀመሪያውን ልብ ወለድ አወጣ። ከዚያ በኋላ እሱና ሌሎች ደራስያን ከ10 በላይ ጨመሩ።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው በሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የእሱ አይደሉም፤ በባለቤቱ ፈቃድ ይጽፋል። ታሪኩን ፊልሙ ካለፈባቸው ጊዜያት በአንዱ ውስጥ ያስገባዋል። ወንድማማቾቹን የቱንም ያህል ቢያስጨንቃቸው ሊገድላቸው አይችልም፤ በመጨረሻው ገጽ እንዳገኛቸው አድርጎ ይመልሳቸዋል።

ልጁን የያዘው ይህ ነበር። «ፓስተር፣ የመጨረሻውን ክፍል አላየሁትም» አለኝ።

«ለምን?»

«ዲን ይሞታል። ታላቅየው።» ትንሽ ዝም አለና «መጻሕፍቱ ግን የድሮው ጊዜ ላይ ናቸው። እዚያ ሁለቱም አሉ» አለኝ።

አባታቸው ከሞተ በኋላ ልጁን ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ማታ ሲመለስ ከፍላሽ ይህንኑ ፊልም አብረው ያያሉ። ሳይጨርሱት ወንድምየው በመኪና አደጋ ሞተ። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ቀብሩ ላይ የጸለይኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገር ተናገረ። «ፊልሙ ላይ ቸክ የሚባል ደራሲ አለ። የሁለቱን ሕይወት ልብ ወለድ እያደረገ ይጽፋል። መጀመሪያ ነቢይ ነው ይሉታል፤ በኋላ እግዚአብሔር ራሱ እሱ ነው ይላሉ። መከራቸውን የሚጽፈው ታሪኩ ለራሱ እንዲጥመው ነው። ፓስተር፣ እርስዎ ቀብሩ ላይ እግዚአብሔር የራሱ ዕቅድ አለው አሉን። ያኔ እኔ ቸክ ትዝ አለኝ።»

ወገኖቼ፣ በነገረ መለኮት ኮሌጅ ስለ መከራና ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ብዙ ገጽ ጽፌአለሁ። ያን ቀን ግን ከሽንኩርቱ ክምር አጠገብ የምለው ጠፋኝ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ግን ሐዘንተኛ ፊት ቸኩዬ፣ ያለ እንባ ስለተናገርኩት፣ ልጁ የሰማው ከሩቅ ሆኖ በሰው ሐዘን ስለሚጫወት አምላክ ነው።

በእኛ አገር የአጋንንት ነገር የፊልም ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የታሰሩ ሰዎች ለጸሎት ይመጣሉ። ስለዚህ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በእነዚህ ታሪኮች ጨው ተበትኖና የላቲን ድግምት ተደግሞ መናፍስት ይሸሻሉ። የአስቄዋ ልጆችም የጌታን ስም እንደ ድግምት ሊጠቀሙበት ሞክረው ቆስለው ራቁታቸውን ሸሹ (ሐዋ. 19)። ይህን ለልጁ ነግሬዋለሁ። ግን እሱ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈልገው ድግምት አልነበረም፤ ወንድሙን ነበር።

ከብዙ ጸሎት በኋላ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። ቸክ የሚጽፈው መከራ እሱን አይነካውም። የእኛ ጌታ ግን ወደ ታሪኩ ውስጥ ራሱ ገባ። በዮሐንስ 11 አልዓዛርን እንደሚያስነሳው እያወቀ አለቀሰ። ለማርያም «ዕቅድ አለኝ» ብሎ እንባዋን አላቋረጣትም። ዕብራውያን 12፥2 እምነታችንን ጀምሮ የሚፈጽመው እሱ እንደሆነ ሲነግረን፣ በዚያው ቁጥር ስለ መስቀሉ ያወራል። ታሪካችንን የያዘው እጅ የተወጋ እጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የመጽሐፉ ዲን ምንም ቢደርስበት በመጨረሻው ገጽ እንደነበረ ይመለሳል። ጌታ ሲነሣ ግን ቁስሉ አብሮት ነበር፤ ለቶማስ እጁንና ጎኑን አሳየው (ዮሐ. 20)። የትንሣኤ ተስፋ ምንም እንዳልሆነ አድርጎ ወደ ድሮው ጊዜ አይመልሰንም። ሞቱን ሞት ብሎ፣ ቁስሉን ቁስል ብሎ፣ በማያልፍ ሕይወት ይውጠዋል። ስለዚህ ልጁ ወንድሙ እንደሞተ ለማመን መፍራት የለበትም። እኔም እንዲያለቅስ ልፈቅድለት ይገባኝ ነበር።

ይህን ስነግረው አልተቃወመኝም፤ «አሜን»ም አላለኝም። «ወንድሜ አምኖ ነው የሞተው አይደል?» ብቻ አለኝ። «አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያጠመቅሁት» አልኩት። ያኔ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። አክስቱ ደንበኛዋን እያስተናገደች ዝም ብላ ታየን ነበር።

ወደ መዘምራኑ ገና አልተመለሰም። ግን እሁድ ይመጣል፤ ከኋላ ይቀመጣል። የመጨረሻውን ክፍል ለብቻው ማየት ከከበደው እኛ ቤት መጥቶ እንድናየው ነግሬዋለሁ፤ ባለቤቴም ቡና አፈላለሁ ብላለች። «አንድ ቀን እመጣለሁ» ብሎኛል። እንጠብቀዋለን።

ልጆቻችሁ የሚያነቡትንና የሚያዩትን ጠይቁ፤ መርምሩም። ከመገሠጻችሁ በፊት ግን እዚያ ውስጥ ማንን እየፈለጉ እንደሆነ ስሟቸው። አንተም ይህን የምታነበው ወዳጄ፣ እግዚአብሔር በሐዘንህ የሚጫወት ከመሰለህ፣ የተወጋውን እጁን ሳታይ አትሂድ።

ጌታ ሆይ፣ ሳንሰማ የመለስንባቸውን ሁሉ ይቅር በለን። ያዘኑትን በቁስልህ አጽናናቸው። አሜን።