መጀመሪያ ይውደቅ



ኮን በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ቡራኬ መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ማስረጃ ለሚጠይቁም የልደታቸውን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሬ እጽፋለሁ። «መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው» ብዬ ከዚያ በጣቴ እቆጥር ነበር። መስከረም 20 ቀን 1992 ለተወለደች እህታችን ሴፕቴምበር 30 ቀን 1999 ብዬ ጻፍኩላት። ሌላው ወረቀቷ ግን ኦክቶበር 1 ነበር የሚለው። ማመልከቻዋ በዚህ ምክንያት ተመለሰባት። እኔ በአንድ ቀን ብሳሳት እሷ ወራት አጣች።

ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የተማረ አንድ የመዘምራን ወጣት ለዕረፍት ሲመጣ፣ ቀን የሚቀይር ፕሮግራም እንዲሠራልኝ ለመንኩት። «ፓስተር፣ እኔ አልሠራልዎትም፤ አብረን እንጽፈዋለን» አለና ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው።

ኮድ ከመጻፋችን በፊት ፈተናውን አስጻፈኝ፦ መስከረም 20 ቀን 1992 ሲገባ ኦክቶበር 1 ቀን 1999 መውጣት አለበት። ስናስኬደው ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ገና ምንም ሳልሠራ ወደቅሁ?» አልኩት።

«ሲወድቅ ካላየነው፣ ሲያልፍ በምን እናምነዋለን?» አለኝ።

ቀጥሎ ፈተናውን ለማሳለፍ የሚበቃውን ያህል ብቻ እንድጽፍ ነገረኝ። ምንም ሳያሰላ ያንኑ ቀን የሚመልስ አንድ መስመር ጻፍኩ፤ አረንጓዴ ሆነ። «ይህማ ማታለል ነው» ብል፣ «እንግዲያውስ የሚያጋልጠውን ሁለተኛ ፈተና ይጻፉ» አለ። መስከረም 1 ቀን 2017፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። እንደገና ቀይ። እውነተኛው ስሌት የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴ ባየን ቁጥር ኮዱን እናጸዳለን፤ ስናጸዳ የቀደመውን ብናበላሽ ፈተናዎቹ ይነግሩናል።

መልሶቹን ከእኔ ጣት አልወሰድንም፤ ሁለቱም አቆጣጠር ከታተመበት ካላንደር እንጂ። በራሴ ሕግ ብፈትነው ኖሮ ስህተቴ አረንጓዴ ለብሶ ያልፍ ነበር።

አንዳችን ስንጽፍ ሌላው ያያል፤ በየፈተናው እንለዋወጣለን። በጋሸና መንገድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ወርዶ «ና፣ ና፣ በቃ!» ይል የለ? ሾፌሩ መንዳት ስለማይችል አይደለም፤ ከመሪው ላይ ሆኖ የማይታየው ገደል ስላለ ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማም ጁኒት የተባለውን የታወቀ የፈተና መሣሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. የጀመሩት በአውሮፕላን ጉዞ ላይ ሁለት ሆነው እንደሆነ ልጁ አጫወተኝ።

በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርኩት ልጅ በየመስመሩ ሲያርመኝ መጀመሪያ ከበደኝ። አንድ ጊዜ ግን እኔም ያዝኩት፤ ቸኩሎ ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጓት ነበር። «በዘመነ ሉቃስ እኮ 6 ናት!» አልኩት። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 እንዲሆን፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ግን የለም እንዲል ሁለት ፈተና ጨመርን። ያን ጊዜ የእኔም ስህተት ምንጭ ታየኝ፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በማግሥቱ የሚመጣው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። ለካ ሉቃስን አውቀዋለሁ፤ ስቆጥር ግን ረስቼው ኖሯል።

በመጨረሻ መዝገቡን በሙሉ አሳለፍነው። ለሌሎች ሦስት ሰዎችም የተሳሳተ ቀን እንደጻፍኩ ታወቀ። በየቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ለእህታችንም አዲስ ማስረጃ ጻፍኩላት።

በመዝሙር 139 መጨረሻ ዘማሪው እግዚአብሔር እንዲፈትነው ራሱ ይለምናል። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፤ ስብከቴን ግን ከመድረክ በፊት ለማንም አሳይቼ አላውቅም ነበር። አሁን ቅዳሜ ማታ ከአንድ ሽማግሌ ጋር እቀመጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ገና መግቢያውን ሳነብለት፣ «ፓስተር፣ ክፍሉ እንዲህ ይላል እንዴ?» አለኝ። ከፍተን አየነው፤ አይልም። ሰረዝኩት።

እናንተስ፣ ሥራችሁን አብሯችሁ የሚያይ ማን አለ?