ለታደሰ አሮጌ መኪና የጣሪያ ልብስ ይገባዋልን?

አሮጌን ነገር ማደስ አዲስ ነገር ከመሥራት ይልቅ ብዙ ማሰብን ይጠይቃል። አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው የሚጠየቀው ስለ ራሱ አሳብ ብቻ ነው፤ አሮጌውን የሚያድስ ሰው ግን ለመጀመሪያው ሠሪ አሳብ ጭምር ታማኝ መሆን አለበት። ይህ ነገር ስለ አብያተ ክርስቲያናትና ስለ ነገሥታት አዳራሾች ብዙ ጊዜ ተነግሮአል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ከዚያ ዝቅ ያለ የሚመስለውን ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የታደሰ አሮጌ መኪና ጣሪያውን ቪኒል በሚባለው የፕላስቲክ ቆዳ ቢለብስ ይስማማዋል ወይስ አይስማማውም የሚለው ነው።

ጉዳዩ ለመቀሌ ከተማ እንግዳ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ጦርነቱ በጥቅምት ወር 2013 ዓ. ም. ከተነሣ ጀምሮ ስምምነቱ በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ. ም. እስኪፈረም ድረስ፣ በነዳጅና በመለዋወጫ እጦት ምክንያት በየግቢው ቆመው የቀሩ መኪናዎች ብዙዎች ነበሩ። በኋላም፣ በ2016 ዓ. ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አሮጌውን መኪና የሚንቅ ሰው ጥቂት ሆኖአል። ስለዚህ የአባቱን ቮልስዋገን ወይም ፊያት ይዞ በጋራዥ ደጃፍ የሚቆም ወጣት እናያለን። ወጣቱም በስልኩ የአሜሪካን አገር መኪና ሥዕል ይመለከትና፣ ጣሪያው ጥቁር ቆዳ ለብሶ ሲያምር ባየ ጊዜ፣ «የእኔስ ለምን እንዲህ አይሆንም?» ይላል።

ይህ ልብስ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ለፍርድ ይረዳል። (ስለ ውጭ አገር ፋብሪካዎች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጣሪያው ከሸራ ተሠርቶ ወደ ኋላ የሚታጠፍ መኪና የድሎትና የክብር ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ካዲላክ የተባለው ፋብሪካ በ1956 ኤልዶራዶ ሴቪል የሚባለውን መኪና ሲያወጣ፣ የማይታጠፈው የብረት ጣሪያ የሚታጠፍ መስሎ እንዲታይ በቪኒል አለበሰው። በ1960ዎቹም ዓመታት ይህ ልብስ ትልቅ ፋሽን ሆነ። በዚያው ዘመን አሜሪካውያን «ጡንቻማ መኪና» ብለው የሚጠሩአቸው፣ መካከለኛ አካል ላይ ከባድ ሞተር የተጫነባቸው መኪናዎች ተነሡ፤ ብዙዎች የእነዚህን መጀመሪያ ፖንቲያክ በ1964 ካወጣው ጂ. ቲ. ኦ. ይቆጥራሉ። ለነዚህም መኪናዎች ቪኒል እንደ ገዢው ፈቃድ በተጨማሪ ዋጋ ይሰጥ ነበር። እንዲያውም ፕሊመዝ የተባለው ፋብሪካ በ1969 እና በ1970 ባራኩዳ ለሚባለው መኪናው አበባ የታተመበት ቪኒል አቅርቦ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የምናገኝበት ግን ይኸው ፋብሪካ በ1970 የሠራው ሱፐርበርድ ነው። ይህ መኪና ለሩጫ ውድድር ታስቦ የተዘጋጀ ስለሆነ አፍንጫው ሹል፣ በኋላው ያለው ክንፍም ከፍ ያለ ነበር። አየሩን በቀላሉ እንዲሰነጥቅ የኋላ መስተዋቱ አቀማመጥ ስለ ተለወጠ፣ በዙሪያው አዲስ ላሜራ መበየድ አስፈለገ። የብየዳውን መስመር አለስልሶ መቀባት ግን ጊዜና ገንዘብ የሚፈጅ በመሆኑ ፋብሪካው ጣሪያውን በሙሉ በቪኒል ሸፈነው። እንግዲህ ገዢው እንደ ጌጥ ያየው ነገር የሥራ ጉድለት መሸፈኛ ኖሮአል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ልብሱ በብረቱ ላይ የሚያደርሰውን እንመልከት። ቪኒሉ በማስቲሽ ይለጠፋል፤ ሰፋ ባለ ጣሪያ ላይ ስፌት ይኖረዋል፤ ዳርና ዳሩ በጌጠኛ ብረት ይያዛል። ፀሐይ ሲያደርቀው ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁና በስፌቱ እንዲሁም በመስተዋቱ ዙሪያ ይገባል፤ ከገባም በኋላ መውጫ ስለማያገኝ እርጥበቱ በብረቱና በቆዳው መካከል ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ፋብሪካዎቹ ከልብሱ በታች ያለውን ላሜራ እንደ ሌላው አካል አሳምረው ስለማይቀቡት ዝገቱ በስውር ይሠራል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ቆዳው እንደ እባጭ ሲያብጥ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ላሜራው ተበልቶ አልቆአል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለምትገኘው፣ ብርቱ ፀሐይ ለሚያገኛትና ዝናቧ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠራቅሞ ለሚወርድባት ለመቀሌ፣ ይህ ልብስ ተስማሚ አይደለም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ነገር በቅርብ አይተናል። የአንድ የሥራ ባልደረባችን አባት ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ በ1968 የተሠራ ቮልስዋገን ነበራቸው። ነዳጅ በጠፋ ጊዜ መኪናውን በግቢያቸው አቁመው፣ ዝናብ እንዳይነካው ብለው በወፍራም ፕላስቲክ ሸፈኑት፤ በገመድም ጠፍረው አሰሩት። እርሳቸው ሰላሙን ሳያዩ ዐረፉ። ልጆቻቸው በኋላ ፕላስቲኩን ቢገልጡት፣ ተጣብቆ በኖረበትና ገመዱ ባለፈበት ሁሉ ጣሪያው ዝጎ፣ በአንዳንድ ቦታም ተበስቶ አገኙት። ፕላስቲኩ ያልደረሰበት የፊት ፓራፋንጎ ግን ቀለሙ ከመደብዘዙ በቀር ደኅና ነበር። እኒያ ሰው ለመኪናው ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ እርጥበቱን አምቆ የያዘውም በዚያ ፍቅር የተደረገው መሸፈኛ ነበር።

በዚህ ጊዜ በወንድማማቾቹ መካከል ክርክር ተነሣ። ታናሹ ቀዳዳዎቹ በስቱኮ ተደፍነው ጣሪያው ጥቁር ቪኒል ይልበስ አለ። ምክንያቱም ያለ ፍሬ አልነበረም፦ ባትላሜራው የተበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ለመበየድ የጠየቀው ዋጋ ከልብሱ ዋጋ እጅግ ይበልጣል፤ ቤተ ሰቡም በእነዚያ ዓመታት ያለውን ጨርሶአል። ታላቁ፣ ማለት ባልደረባችን፣ አባቱ ሲነዱት ወደ ነበረው መልኩ ይመለስ አለ። አስተያየታችንን በጠየቁን ጊዜ ከዚህ በላይ የጻፍነውን ነገርናቸው። ነገሩን የቈረጡት ግን እኛ አደይ እያልን የምንጠራቸው እናታቸው ናቸው። «አባታችሁ በፕላስቲክ የሸፈነው ሌላ ብልሃት አጥቶ ነው፤ እናንተ ግን ብልሃት አላችሁ» አሉአቸው። ታናሹም ዝም አለ፤ ገንዘቡ በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየተዋጣ ሥራው ተጀመረ።

እንዲህ ስንል ጨርቅና ቆዳ ለጣሪያ አይሆኑም ማለታችን አይደለም። በከተማችን የሚርመሰመሰው ባጃጅ ጣሪያው ሸራ ነው፤ ማንንም አያታልልም፤ ሲቀደድ ይታያል፤ ይለወጣል። የአገራችን ህድሞ ጣሪያው አፈር ነው፤ ሌላ ነገር ለመምሰልም አይሞክርም። ቮልስዋገንም ቢሆን ካርማን በሚባል ፋብሪካ ከ1949 እስከ 1980 የተሠራ፣ በእውነት የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ ያለው ወንድም አለው። የእነዚህ ሁሉ ልብስ ራሱ ጣሪያ ነው። የምንነቅፈው ብረት ሆኖ ሳለ ሸራ ለመምሰል፣ ይልቁንም ደዌን ለመሰወር የሚለበሰውን ልብስ ነው።

«እንግዲያስ ሱፐርበርድን የሚያድስ ሰው ቪኒሉን ይግፈፈው?» የሚል ጠያቂ ቢነሣ፣ አይግፈፈው እንላለን። ልብሱ ጉድለት ለመሸፈን የተደረገ ቢሆንም ከመኪናው ጋር ተወልዶአል፤ የታሪኩም ክፍል ነው። በ1970 ክራይስለር በሠራቸው መኪናዎች ላይ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ትገኛለች፤ በእርስዋ ላይ «ቪ 1 ኤክስ» የሚል ምልክት ካለ መኪናው ጥቁር ቪኒል ለብሶ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ይታወቃል። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ያጸደቀው የቶሪኖ ቻርተርም፣ ከዘመኑ ውጭ የሚደረግ ለውጥ ጥቂት እንዲሆንና ወደ ቀድሞው ሊመለስ እንዲችል ይመክራል። ስለዚህ ልብሱ ሲወለድ የነበረው መኪና ይልበስ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ከሥሩ ያለው ብረት ዝገቱ ይጠረግ፣ ይበየድ፣ በሚገባ ይቀባ። ሲወለድ ያልነበረው ግን ባይለብስ ይሻላል።

እኛ በዚህች ከተማ ብዙ የሚጠገን ነገር አለን፤ ገንዘባችንም ጥቂት ነው። ገንዘብ ሲያንስ ርካሹ መሸፈኛ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ነው። ስለዚህ የአባቱን መኪና ለማደስ የሚያስብ ወጣት ሁሉ ወደ ልብስ ሻጩ ከመሄዱ በፊት ወደ ባትላሜራው ይሂድ፤ ላሜራውንም በመዶሻ መትቶ ድምፁን ያስማው። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ቢሆን ለብረቱ ያውለው፤ መኪናውም ቀለሙን እስኪያገኝ ድረስ በዝገት መከላከያው ቅብ ብቻ በከተማው ቢታይ ነውር የለበትም።