ማርና መርፌ

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በየአፋችን ሲመላለስ ይኖራል፤ ነገሩ ከደጃችን እስኪደርስ ድረስ ግን ክብደቱን የምንረዳው ጥቂቶች ነን። እኔም ከማይረዱት ወገን ነበርሁ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ለአንባብያን ለማቅረብ የተነሣሁት ስለ ሕክምና የጠለቀ ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ሥራዬም በመዝገብ ቤት ተቀምጬ የባለጉዳዮችን ወረቀት ቁጥር እየሰጠሁ በየፋይሉ ማኖር ነው። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. በገዛ ቤቴ የደረሰው ነገር ለእኔ ትምህርት ሆኖኛልና፥ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል በማለት ብዕሬን አነሣሁ።

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሕፃናትን ፊደል ሲያስቈጥሩ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱ መምህር ናቸው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ በዚያን ጊዜ ዐሥራ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በመጀመሪያ በእንክብል፥ በኋላም ጧትና ማታ በሚወጉት የኢንሱሊን መርፌ ይረዱ ነበር። ነገር ግን ስለ በሽታቸው ማውራት አይወዱም። መርፌውን የሚወጉት በር ዘግተው ነው፤ በሰው ቤት ሻይ በስኳር ሲቀርብላቸውም «ስኳር አለብኝ» ከማለት መጠጣትን ይመርጡ ነበር። እኔም ልጃቸው፥ የማላውቀውን ሰው የፋይል ቁጥር በቃሌ የምይዘው ሰው፥ የአባቴ የደም ስኳር ስንት እንደ ሆነ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በልጅነቴ፥ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠልና ጢሱ ከተማውን ሲሸፍነው፥ አባቴ ከእናታቸው የሰሙትን የኅዳር በሽታ ታሪክ ያጫውቱኝ ነበር። ያ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ በአንድ ቤት ያለውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ስለሚያስተኛ፥ ውሃ የሚያቀብል እንኳ ይጠፋ እንደ ነበር ይነግሩኝ ነበር። እኔም ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ያለፈ ዘመን ወሬ እንጂ ወደ እኛ የሚመለስ አይመስለኝም ነበር።

የኮሮና ቫይረስ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተነገረ። በዓመቱ፥ በመጋቢት ወር 2013 ዓ.ም. በሽታው እጅግ በርትቶ ነበር። ክትባቱ መሰጠት የጀመረው በዚያው ወር ስለ ነበረ የአባቴ ተራ ገና አልደረሰም። እኔ ከሥራ እየሳልሁ ወደ ቤት ገባሁ፤ ሁለት ቀን አተኰሰኝና ተወኝ። «ጉንፋን ነው» አልሁ፤ ለምርመራም አልሄድሁም። በአምስተኛው ቀን አባቴ ይስሉ ጀመር።

ምግብ ጠላቸው። እንጀራው ቀርቦ ይመለሳል። ምሽት ላይ መርፌውን ሳቀብላቸው፥ «ተወው ልጄ፤ እህል ካልቀመስሁ መርፌው ምን ይሆነኛል? ስኳሩን አውርዶ ይጥለኛል እንጂ» አሉኝ። ነገሩ ለእኔም ትክክል መሰለኝና መርፌውን ወደ ቦታው መለስሁት። በማግሥቱ ጎረቤቶች አንዱ ዳማከሴ፥ ሌላው ነጭ ሽንኩርት፥ አንዲት እናት ደግሞ ከላስታ የመጣ ማር ይዘው መጡ። እኔም ዝንጅብሉን ቀጥቅጬ፥ ማሩን በሙቅ ውሃ በጥብጬ፥ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በገዛ እጄ አጠጣቸው ጀመር። ጥማቸው በረታ፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ይነሡ ነበር። እኛም ፈሳሽ መውሰዳቸውን እንደ ደግ ምልክት ቈጥረን ማሩን ጨመርንላቸው። በሦስተኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ፥ አባቴ በጨለማ ተቀምጠው የተማሪዎችን ስም ይጠሩ ነበር። አንዱን ጠርተው መልስ እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቀጣዩን ይጠራሉ።

ከሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ ጣታቸውን ወግታ የደማቸውን ስኳር ለካች፤ 438 ሆነ። እህል ሳይቀምስ ያደረ ጤነኛ ሰው ከ100 በታች ነው፤ 126ና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ የተገኘበት የስኳር በሽተኛ ይባላል። በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጂን ደግሞ ወደ 84 በመቶ ወርዶ ነበር። ወጣቷ ሐኪም፥ «አባባ መርፌውን ያቋረጡት መቼ ነው? ምንስ ሲወስዱ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ማሩ ስነግራት አልተቈጣችም። «ሰው ባይበላም ጉበቱ ያበላዋል» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የዚህች ቃል ትርጓሜ የገባኝ ኋላ፥ አባቴ ተኝተው ሳለ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየጠየቅሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫይረስ ወደ ሰውነት ሲገባ ሰውነት ለጦርነት እንደሚነሣ አገር ስንቁን ያወጣል። ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉት ቅመሞች ይበዛሉ፤ ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል፤ ኢንሱሊንም በዚያው ሰዓት ኃይሉ ይደክማል። ቆሽቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ኢንሱሊን በመጨመር ይህን ያስተካክለዋል። የስኳር በሽተኛ ግን የሚጨምረው የለውም ወይም የሚበቃው አይደለም፤ ስለዚህ እህል ሳይቀምስ ስኳሩ ይወጣል። የወጣው ስኳር በሽንት ሲወርድ ውሃውን አብሮ ይስበዋል፤ የአባቴ ጥማትም ይህ ነበር። ከዚህም ሌላ፥ ደም በስኳር ሲሞላ ነጭ የደም ሕዋሳት ጠላት ወዳለበት ለመድረስም፥ ደርሰውም ለመዋጥ ይዘገያሉ። ለብዙ ዓመት በስኳር የተጎዱት የደም ሥሮችና ኩላሊትም ተጨማሪውን ሸክም መቻል ያቅታቸዋል። እንግዲህ በሽታው ስኳሩን ያወጣዋል፤ የወጣው ስኳርም በሽታውን ያበረታዋል፤ ሁለቱ እየተጋገዙ ሰውየውን ይጥሉታል።

ይህም የአንድ ቤት አጋጣሚ ብቻ እንዳይመስል ከሌሎች አገሮች የታየውን ልጥቀስ። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በኮሮና ታመው በሆስፒታል ከሞቱት መካከል ከሦስቱ አንዱ ያህል የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት በቻይና በሁቤይ አውራጃ የተደረገ ጥናት ደግሞ የሚያጽናና ነገር አሳየ። የስኳር በሽታ ካለባቸው ሕሙማን መካከል፥ በሆስፒታል ሳሉ ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ ከቈየላቸው የሞቱት ከመቶ አንድ ያህል ሲሆኑ፥ ከዚያ ለወጣባቸው ግን ከመቶ ዐሥራ አንድ ያህል ነበሩ። እርግጥ ነው፥ ሕመሙ የጠናበት ሰው ስኳሩም በዚያው ልክ ስለሚወጣ፥ ልዩነቱን ሁሉ ስኳሩ አመጣው ለማለት አይቻልም። ሆኖም ቁጥሩን መጠበቅ ከንቱ ድካም እንዳልሆነ ያመለክታል።

ሌላም አስቸጋሪ ነገር ነበር። ኦክስጂን ለሚያስፈልገው የኮሮና ሕመምተኛ ሕይወት አዳኝ መሆኑ የታወቀው ዴክሳሜታዞን የሚባለው መድኃኒት ራሱ ስኳርን ያወጣል። ስለዚህ ሐኪሞቹ በአንድ እጅ እርሱን፥ በሌላው እጅ ኢንሱሊኑን ይዘው፥ ሌሊት ሳይቀር ጣታቸውን እየወጉ መለካት ነበረባቸው። በዚያ ሳምንት ያሰብሁት አንድ ነገር አለ። ባንቲንግና ቤስት የተባሉት ሊቃውንት በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊንን ያገኙት በ1921 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ያን የመሰለ መድኃኒት ከተገኘ አንድ መቶ ዓመት በሞላበት ዓመት፥ እኔ ከአባቴ እጅ ተቀብዬ በሣጥን መለስሁት፤ በፋንታውም ማር ሰጠኋቸው።

አባቴ በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ከስተው፥ ነገር ግን በእግራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የእኔ ሳልና የእኔ ማር ለዚህ እንዳደረሳቸው ብነግራቸው፥ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ «ልጄ፥ ጥፋቱ የአንተ ብቻ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ዓመት የልጆችን ውጤት ሳልሸሽግ ለወላጅ ሳሳውቅ ኖሬ የራሴን ውጤት ሸሸግሁ» አሉኝ። በማግሥቱም ከሣጥናቸው ያልተጻፈበት የስም መጥሪያ መዝገብ አውጥተው፥ ጧት ስንት፥ ማታ ስንት ብለው አሰመሩበት። ያ መዝገብ ዛሬም በሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚያነብበውም የመጣው ሁሉ ነው።

ከዚህ ሁሉ የተማርሁት አጭር ነው። ማር ጠላት አይደለም፤ የአባቴ ስኳር ከ70 በታች በወረደበት አንድ ማለዳ ያው ማር አንሥቷቸዋል። መርፌም ያለ ልክ ሲሆን ይጎዳል። ማሩ መድኃኒት፥ መርፌውም ጉዳት የሚሆንበትን ሰዓት የሚለየው ቁጥሩ ነውና፥ የሚያስፈልገው ቁጥሩን ማወቅ ነው። ስለዚህ በቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ሁሉ ጉንፋን በገባ ጊዜ ሦስት ነገር ያስብ። መርፌ የሚወጋ ሰው ስላልበላ ብቻ በገዛ ፈቃዱ አያቁም፤ መጠኑን ሐኪም ይወስንለት። ስኳሩን በቀን ደጋግሞ ይለካ፤ ካልወረደበትም ባዶ ውሃ ይጠጣ። ትንፋሽ ካጠረው፥ ካስታወከው ወይም ነገሩ ከተዛባበት ሌሊቱ ይንጋ ሳይባል ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከዚህም በፊት፥ ገና በጤናው ቀን፥ ክትባቱን ይከተብ።

አንባቢ ሆይ፥ እናትህ ወይም አባትህ የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ካወቅህ፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤትህ ስትገባ ቁጥሩን ጠይቅ። ባይነግሩህም ነገ ደግመህ ጠይቅ።