ዐንተራን ስንቀራ



ዐረብኛ ትምህርት ክፍል ስንገባ ብዙዎቻችን አጅሩሚያን ቀርተን ነበር። መርፉዕና መንሱብ እንለያለን፤ ሻይ ለማዘዝ ግን አንደበታችን ይተሳሰራል። (ከአሊፍ የጀመሩት ክርስቲያን ጓደኞቻችን በንግግር ይበልጡናል፣ ማሻአላህ።) ይህ በልምምድ ይስተካከላል።

የከበደን የጃሂሊያ ግጥም ነው። «ቁርኣንን ልንረዳ መጥተን የመጠጥና የፈረስ ግጥም ምን ያደርግልናል?» ብለው ሁለት ወንድሞቻችን ዲፓርትመንት ለመቀየር ፎርም ሞሉ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የጦበሪን ተፍሲር የገለጠ ሰው ኢማሙ የቃል ፍቺ ሲያስረዱ የዐረቦችን ግጥም እንደሚጠቅሱ ያያል።

ደግሞ ዐንተራ ኢብን ሸዳድ አለ። ከሙዐለቃት ባለቤቶች አንዱ ነው። እናቱ ዘቢባ ሐበሻ ባሪያ ነበረች፤ አባቱ ልጄ ሳይለው በባርነት አደገ ይባላል። ሐበሻ ሲባል ነጃሺንና ቢላልን ብቻ ለምናነሳ ለእኛ ይህ አዲስ ነበር። መምህራችን ሲነግሩን ክፍሉ ጸጥ አለ።

አንደኛው ወንድማችን ፎርሙን ቀደደው፤ ሌላው ቀይሯል፣ አላህ ያግራለት። አሁን ግጥሙን ከዐስር ሶላት በኋላ አብረን እየቀራን ነው። የሐንስ ዌር መዝገበ ቃላት በሥርወ ቃል ስለተደራጀ ሶርፍ የቀራ ሰው ቶሎ ያገኝበታል። ያለን ግን አንድ ብቻ ነውና ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።